ዩድቫር-ሃዚ ሙዚየም፦ አውሮፕላኑ አለ፣ የሠሩት ሰዎች ጥያቄ ግን የለም

ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ አይጠፋበትም። ከአገር ቤት የመጣ አጎት፣ ከጀርመን የመጣች የአክስት ልጅ፣ ዋይት ሀውስንና የሊንከንን መታሰቢያ አይተው ሲጨርሱ "ሌላስ ምን አለ?" ይላሉ። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ያው ነው። ሻንቲሊ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ያለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛ ቤት። ሙሉ ስሙ ስቲቨን ኤፍ ዩድቫር-ሃዚ ማዕከል ነው። በልጅነቱ ከሃንጋሪ ተሰድዶ መጥቶ አውሮፕላን በማከራየት የከበረ ሰው 65 ሚሊዮን ዶላር ስለሰጠ በስሙ ተጠራ። የተከፈተው በ2003 መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ የእኛውን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። በቅርቡ የሄድኩት ግን ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር ነው። ጓደኛዬ የሚሠራው ለመከላከያ መሥሪያ ቤት ዕቃ ከሚያቀርቡት ኮንትራክተሮች በአንዱ ውስጥ ነው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። እዚህ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ወዳጅ ወይም ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው። ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ) ያገኘ ልጅ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ሥራውም የተረጋጋ ነው፣ ወላጅም ይኮራበታል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ናቸው። ቦይንግና አርቲኤክስ አርሊንግተን፣ ኖርዝሮፕ ግሩማን ፎልስ ቸርች፣ ጀነራል ዳይናሚክስ ሬስተን፣ ሎክሂድ ማርቲን ወንዙን ተሻግሮ ቤተስዳ። ከዓለም ትልልቅ የጦር መሣሪያ አምራቾች የአምስቱ ዋና መሥሪያ ቤት እኛ ቡና ከምንጠጣበት ቦታ በመኪና ቢበዛ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ለጉብኝት የሚጠቅመውን ልናገር። መግቢያው ነጻ ነው፣ ለመኪና ማቆሚያ ግን ይከፈላል። ከገና ቀን በስተቀር በየቀኑ ክፍት ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል በእኛ አቆጣጠር። መኪና ከሌላችሁ መድረሱ ያስቸግራል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ምሳ ያዙላቸው፣ ጋሪም አትርሱ፣ አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ይደክማቸዋል። በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች አሉ፣ በነጻ ነው የሚያስጎበኙት። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ አውሮፕላን ሲያበሩ ወይም ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውን ተከተሉ፣ አትቆጩም። ከላይ ደግሞ የመመልከቻ ማማ አለ፣ ደለስ የሚያርፉትንና የሚነሱትን አውሮፕላኖች ያሳያል። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ከገባችሁና ዕድል ከቀናችሁ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጅራት ያለውን የእኛን አውሮፕላን ሲነሳ ታዩታላችሁ። የመጣው እንግዳችሁ እዚያ ላይ ዓይኑ እንባ ባይሞላ ከፈለጋችሁ ውቀሱኝ።

ስብስቡ ግሩም ነው። በሩን አልፋችሁ ወደ ታች ስታዩ ጥቁሩ የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ተጋድሞ ይጠብቃችኋል፤ በ1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ የገባው እሱ ራሱ ነው። ከኋላው የጠፈር መንኮራኩሯ ዲስከቨሪ አለች፣ እውነተኛዋ፣ በእሳት የተለበለበውን ቆዳዋን በቅርብ ታያላችሁ። ከድምፅ ፈጥኖ መንገደኛ ያመላልስ የነበረው ኮንኮርድም አለ። አውሮፕላን የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይጠፋል። እኔም እወዳለሁ፣ ይህን አልደብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢኖላ ጌይ እዚህ ቤት ውስጥ ናት። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ የጣለችው ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን። ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ቆማ፣ ከሥሯ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ተኮልኩለው፣ እንደ አዲስ ብር ታብለጨልጫለች። የፎቁ መተላለፊያ ላይ ከወጣችሁ የመስታወቱ አፍንጫ ፊት ለፊት ይሆንና የአብራሪውን መቀመጫ ታያላችሁ። አብራሪው ፖል ቲቤትስ በእናቱ ስም ነው የጠራት። እሷን ወደነበረችበት ለመመለስ ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ጊዜና ወደ 300,000 ሰዓት የሚደርስ የሰው ሥራ ፈጅቷል። እጅ ሥራውን አደንቃለሁ፣ ከልቤ።

የማብራሪያ ሰሌዳው ግን አናደደኝ። ሙዚየሙ በ2003 አውሮፕላኗን ሲያቆም የጻፈው ጽሑፍ በፕሮፔለር ከሚበሩት የዘመኑ ቦምብ ጣዮች ሁሉ የረቀቀች መሆኗን ይናገራል። የሠራተኞቹ ክፍል የአየር ግፊቱ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። የክንፏን ርዝመትና ክብደቷን ይነግራችኋል። ሂሮሺማ ላይ እንደጣለችም ይጠቅሳል። ስንት ሰው ሞተ? የለም። እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ ሂሮሺማ ውስጥ ወደ 140,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ አብዛኛው ሲቪል ነው። ምሁራን ተሰባስበው ይህ ቁጥር ይካተት ብለው ጠይቀው ነበር፣ ሙዚየሙ እንደ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ነው የምናቀርባት ብሎ አልተቀበለም። ከዚያ በፊት በ1995 የቦምቡን 50ኛ ዓመት አስታኮ ጉዳቱንም የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና የኮንግረስ አባላት ተቆጡ፣ ኤግዚቢሽኑ ተሰረዘ፣ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማርቲን ሃርዊትም ሥራቸውን ለቀቁ። ስለዚህ ዝምታው ተረስቶ የቀረ ነገር አይደለም፣ ታስቦበት የተመረጠ ነው።

ሌላም አለ። አውሮፕላኖቹ የቆሙበት ትልቁ አዳራሽ የቦይንግ አዳራሽ ነው የሚባለው። የጠፈሩ ክፍል ደግሞ በጄምስ ማክዶኔል ስም ተሰይሟል፣ የማክዶኔል አውሮፕላን ፋብሪካ መሥራች። አምራቹ ስሙ ግድግዳ ላይ አለ። ፍጥነቱ አለ፣ ከፍታው አለ። "ይህን የሠሩት ሰዎች ምን እየሠሩ እንደሆነ ያውቁ ነበር? ምን አሉ?" የሚለው ጥያቄ ግን አንድም ቦታ አላገኘሁትም። እኔ ከዚህ ቤት ከምጠብቀው ነገር ትልቁ እሱ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ጠፍቶ አይደለም። ታሪኩ ተጽፎ አለ።

ኢኖላ ጌይ የተገጣጠመችው ኔብራስካ፣ ኦማሃ አጠገብ ባለው የማርቲን ፋብሪካ ነው። ቲቤትስ ራሱ ግንቦት 9 ቀን 1945 እዚያው መገጣጠሚያው ላይ እያለች መረጣት። እዚያ ሚስማር ሲመቱ የዋሉት ሠራተኞች ቦምብ ጣይ እየሠሩ እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ ጦርነት ላይ ነበሩ፣ ስለ አቶሚክ ግን የሰሙት ነገር አልነበረም። ቴነሲ፣ ኦክ ሪጅ ውስጥ ደግሞ ከሃይስኩል የወጡ ወጣት ሴቶች ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው መቆጣጠሪያ ሲያዞሩ ነበር የሚውሉት፤ ዩራኒየም እያጣሩ እንደሆነ ያወቁት ቦምቡ ከወደቀ በኋላ ነው። እነዚህን ልጆች ስለ ሂሮሺማ ተጠያቂ ላድርጋችሁ ብል ፍርደ ገምድል ነው የምሆነው። አልነገሯቸውም፣ ለመጠየቅም አልተፈቀደላቸውም።

ያወቁት ሳይንቲስቶች ናቸው። ጆሴፍ ሮትብላት የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ፊዚሲስት ነበር። በ1944 ቦምቡ ይሠራበት የነበረው ምስጢራዊ ላቦራቶሪ፣ ሎስ አላሞስ ገባ። የገባው ሂትለር ቀድሞ ቦምቡን እንዳይሠራ ፈርቶ ነው፣ ሚስቱ ዋርሶ ቀርታ በናዚዎች ጭፍጨፋ ጠፍታለች፣ ስለዚህ ፍርሃቱ የወሬ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጀርመኖቹ ቦምብ እየሠሩ እንዳልሆነ ሲያውቅ ለመሥራት የነበረው ምክንያት አበቃ። ሥራውን ለቅቆ ወጣ። በሰላይነት ተጠረጠረ። ከዚያ በኋላ የፊዚክስ ዕውቀቱን ለሕክምና አዋለ፣ የኒውክሌር መሣሪያን ሲቃወም ኖረ፣ በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። አስቡት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳይንቲስቶች ባሉበት፣ በሕሊናው ምክንያት ፕሮጀክቱን ጥሎ የወጣ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ አንዱ ነው። ሌላው ሊዮ ዚላርድ ነው፣ ቦምቡ የሚሠራበትን የሰንሰለት ምላሽ ሐሳብ በ1933 ያፈለቀው ሰው። ሐምሌ 1945 ቦምቡ ሳይጣል ለፕሬዚዳንቱ ማመልከቻ ጻፈ፣ 70 ሳይንቲስቶች ፈረሙለት። ትሩማን እጅ አልደረሰም። የአሜሪካ ታሪክ አካል ነው ይህ ሁሉ፣ በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሊነገር ይችላል።

ይህን ለጓደኛዬ መተላለፊያው ላይ ቆመን ነገርኩት። "እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው" አለኝ። "ሄዶ የሚመታው ሌላ ሰው ነው፣ ትዕዛዝ የሚሰጠውም ሌላ።"

"የሠራኸው ነገር የት እንደሚውል ታውቃለህ?" አልኩት።

"በግምት። ዝርዝሩን እንድጠይቅ አይፈቀድልኝም።"

"ከመፈረምህ በፊትስ ጠይቀህ ነበር?"

"እውነቱን ልንገርህ፣ ያየሁት ደመወዙን ነው። ልጅ ተወልዶብኝ ነበር፣ አገር ቤት ደግሞ እማዬ ኩላሊቷን ትታጠብ ነበር። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ቀላል መልስም የለኝም። እናቱን ያሳከመበትን ገንዘብ ልነቅፍ አልችልም። ግን የእማዬ ሕክምና ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፣ ጓደኛዬ አሁን ቤትም አለው፣ ሙያውም ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የችግር ጊዜ ምክንያት ችግሩ ካለፈ በኋላም ያው ሆኖ መቆየት አለበት ወይ? ያልኩት ይህን ነው፣ ፊቱ ላይ ነው ያልኩት፣ አልተቀየመኝም።

ከዚያ ስለ ሰዓዳ አነሳን። ሚያዝያ 2017 በእኛ አቆጣጠር፣ ሰሜን የመን፣ ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ በአሜሪካ አየር ጥቃት ተመታ። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ሳዑዲ ለመግባት የመን ላይ የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል አናግሯቸው የመሰከሩት ቁስለኞች ሁሉ የእኛ ልጆች ናቸው። ድርጅቱ ስብርባሪውን አስመርምሮ ጂቢዩ-39 የሚባሉ፣ 250 ፓውንድ የሚመዝኑ፣ በሳተላይት የሚመሩ ቦምቦች መሆናቸውን ገልጿል። ይህን ቦምብ የሚሠራው ቦይንግ ነው። እና እኛ ሁለታችን ይህን ስናወራ የቆምነው የቦይንግ አዳራሽ ተብሎ በተሰየመው ጣሪያ ሥር ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ ያለች እናት የልጇን አስከሬን ሳታገኝ ለቅሶ ተቀምጣለች። የዚያን ቦምብ ክንፍ የገጠመ፣ መመሪያውን የፈተሸ፣ ወረቀቱን የፈረመ ሰው አለ፣ አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰው። ከእነሱ መሃል ሐበሻ ሊኖር ይችላል፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ አጠገባችሁ የቆመ፣ መልካም ሰው። ነፍሰ ገዳይ ነው እያልኩ አይደለም። "እኔን አይመለከተኝም" የማለት መብት ግን የለውም ነው የምለው።

ጓደኛዬ መለሰልኝ፣ ጥሩ መልስም ነበር። "መሣሪያ የማይሠራ አገር ምን እንደሚሆን እኛን የሚያስተምረን የለም" አለ። እውነት ነው። በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ፣ ከዚያም በየግንባሩ የሰናፍጭ ጋዝ ሲያፈሱ አባቶቻችን የሚመክቱበት አልነበራቸውም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ቆመው በ9፣ በ15፣ በ18 ሆነው እየተከታተሉ የሚመጡ አውሮፕላኖች የመርዙን ጉም እንደ አንድ ሸማ ያለማቋረጥ ሲዘረጉት እንደነበር ተናግረዋል። ጦር መሣሪያ እንዳንገዛ ማዕቀቡ አንቆን ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር የጠየቁትን ብድር እንኳ ነፈጋቸው። ስለዚህ መሣሪያ መሥራት በራሱ ኃጢአት ነው አልልም፤ የሚመጣውን ሚሳይል አየር ላይ የሚያከሽፍ ነገር የሚሠራ መሐንዲስ በዚያ ዘመን ቢኖረን ኖሮ ሐውልት እናቆምለት ነበር።

ግን ያው ታሪክ ሌላ ነገርም ይላል። ያን ጋዝ የቀመመ ኬሚስት ነበረ። አውሮፕላኑ ላይ መርጫውን የገጠመ መካኒክ ነበረ። በ1925 የጄኔቫ ስምምነት መርዝ ጋዝ ተከልክሎ፣ ጣልያንም ፈርማ፣ እነዚያ ሰዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚላከው በርሜል ምን እንደያዘ ያውቁ ነበር። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፋብሪካው ውስጥ የሠሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተው፣ የልጅ ልጅ አይተው አልፈዋል። ማንም የጠየቃቸው የለም። እኛ በኬሚስቱና በመካኒኩ ላይ ለመፍረድ አንቸገርም፣ የተረጨው በእኛ ላይ ስለሆነ። ሰዓዳ ላይም ያንኑ ሚዛን ካልተጠቀምን ፍርዳችን አድልዎ ነው።

"እኔ ብወጣ ሌላ ይተካል" የሚለውንም ሰማሁ፣ ይህን ሁሉም ይለዋል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2018 ጉግል ማቨን የሚባል የፔንታጎን ፕሮጀክት ይዞ ነበር፣ የድሮን ምስል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚለይ። ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ተቃውሞ ፈረሙ፣ ጥቂቶች ሥራ ለቀቁ፣ ኩባንያው ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ። ፕሮጀክቱ በሌሎች እጅ ቀጥሏል፣ ጉግልም በ2025 መሣሪያ ላይ አልሠራም የሚለውን ቃሉን ከመርሆዎቹ አንስቷል፣ ይህን ደብቄ አላወራም። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች "የምንሠራው ምን ላይ ይውላል?" ብለው በግልጽ ጠይቀው መልስ አስገድደዋል። ለዓመታት ማንም ሳይጠይቅ ከሚያልፍ ይሻላል።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። ሁሉም እኩል ተጠያቂ አይደለም። ቢሮ የሚያጸዳውና ዒላማ የሚመርጠውን ሶፍትዌር የሚጽፈው አንድ አይደሉም። ብዙ የሚያውቅ ብዙ ይጠየቃል፣ ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድል ያለውም እንዲሁ። ማወቅ እየቻለ እንዳያውቅ የመረጠ ሰው ግን አለማወቁ ነጻ አያወጣውም። ድርጅታችሁ ለማን እንደሚሸጥ የአደባባይ መረጃ ነው፣ ምስጢር መጠየቅ አያስፈልግም። አንብቡ። ውስጥ ሆናችሁ መጠየቅ ከቻላችሁ ጠይቁ። ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው መዛወር ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ጓደኛዬም ይህንኑ እያሰበበት እንደሆነ ነግሮኛል፣ ይሄድ አይሄድ የሱ ጉዳይ ነው።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስና ልጨርስ። ለስብስቡ 5 ኮከብ። ለአስጎብኚዎቹ 5። እኛን ያስጎበኙን ሽማግሌ በተለይ ጨዋ ናቸው፤ ስለ ሂሮሺማ ሟቾች ስጠይቃቸው ቁጥሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ፣ ሰሌዳው ያልነገረኝን እሳቸው ነገሩኝ ማለት ነው። ስለዚህ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ስለ ሞተሩ ብቻ ሰምታችሁ ትመለሳላችሁ። ለማብራሪያ ጽሑፉ 2 ኮከብ፣ ከዚያ በላይ አልሰጥም። ለመኪና ማቆሚያው ዋጋ 3።

ልጆቻችሁን ውሰዱ። ዲስከቨሪን አስቀድሙ፣ ወደ ማማው ሳይደክማቸው አውጧቸው። ዕድሜያቸው ከ12 በላይ ከሆነ ኢኖላ ጌይ ጋር ስትደርሱ የሮትብላትን ታሪክ ራሳችሁ ንገሯቸው፣ ቤቱ አይነግራቸውም። ኢንጂነሪንግ ሊማር የተዘጋጀ ልጅ ካላችሁ ደግሞ በተለይ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። መውጫው ላይ የመረጃ ዴስክ አለ፣ አስተያየት ይቀበላሉ። እኔ የሟቾቹን ቁጥርና የዚላርድን ማመልከቻ ጨምሩበት ብዬ ጽፌያለሁ፣ እናንተም ከሄዳችሁ ጻፉ።